የራስዎን የውሃ ልክ እንዴት ያገኛሉ?

«በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ» የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ብርጭቆ ግን ልክ የለውም። አንዱ 180 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ሌላው 350 ይይዛል፤ ስምንቱ በአንዱ ቤት 1.4 ሊትር፣ በሌላው ቤት 2.8 ሊትር ይመጣል። ቁጥሩም ቢሆን ከሙሉ ሐሳብ ተቆርጦ የቀረ ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1945 ለአዋቂ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ውሃ እንደሚበቃ ሲጽፍ፣ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በምግቡ ውስጥ እንዳለ ወዲያው አክሎ ነበር። ሰው የያዘው መጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር የራስን ልክ በሦስት ነገር ያሳያል፦ በመለኪያ፣ በሽንት ቀለምና በሚዛን። አንድ ሳምንት ይበቃዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይቅደም። የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ሆድ ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅም የጉበት በሽታ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም የሚያሸና መድኃኒት ወይም ሊቲየም የሚወስድ ሰው፣ እዚህ ያሉትን ቁጥሮች አይከተል። የእሱን ልክ የሚወስንለት ሐኪሙ ነው። ልቡ ለደከመ ሰው ያለ ልክ የተጨመረ ውሃ እግሩ ላይ ወይም ሳንባው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። የኩላሊት ጠጠር ወጥቶለት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚመከረው፤ በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እንዲወጣው አድርጎ መጠጣት አለበት። ይህም ለብዙ ሰው ወደ 3 ሊትር መጠጣት ማለት ነው።

1. የሚጠጡበትን ዕቃ ይለኩ

ሁልጊዜ የሚጠጡበትን ብርጭቆ፣ ኩባያ ወይም ኮዳ ይውሰዱ። የመለኪያ ጆግ ከሌለ መጠኑ የተጻፈበት የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል። ፕላስቲኩን ሞልተው እንደ ወትሮዎ ወደ ብርጭቆው ይቅዱ። እስከ አፉ አይሙሉት፤ በየቀኑ እንደዚያ ስለማይሞሉት ልኩ ይሳሳታል። አንዱ ሊትር አራት ጊዜ ከተቀዳ ብርጭቆዎ 250 ሚሊ ሊትር ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ባዶውንና ውሃ የያዘውን ብርጭቆ መዝኖ ልዩነቱን ይውሰድ፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ይመዝናል።

2. መነሻ ልክ ይያዙ

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ልክ መሠረት፣ መጠነኛ አየር ባለበት ቦታ መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚያደርግ አዋቂ ወንድ በቀን 2.5 ሊትር፣ ሴት ደግሞ 2 ሊትር ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ከምግብም ከመጠጥም የሚገኘው ድምር ነው። በዛሬው ግምት ከምግብ የሚገኘው በአማካይ አንድ አምስተኛ ስለሆነ፣ ለመጠጥ የሚቀረው ለወንድ 2 ሊትር፣ ለሴት 1.6 ሊትር ገደማ ነው። ለነፍሰ ጡር 300 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። ለምታጠባ እናት 700 ሚሊ ሊትር ይጨመራል፤ ይህን እናቶች በጣም ስለሚዘነጉት፣ ለማጥባት ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገባቸው ማስቀመጥን ልማድ ቢያደርጉት ሳያስቡት ይሞላል።

ፍራፍሬ፣ አትክልትና ሾርባ የሚያዘወትር ሰው ከዚህ ትንሽ ቢያንስም አይጎዳም። ደረቅ ምግብ፣ በተለይ ዳቦና ብስኩት፣ የሚበዛበት ደግሞ መጨመር አለበት።

ሻይና ቡናስ? ይቆጠራሉ። ቡና ውሃን ከሰውነት ያስወጣል ስለሚባል ብዙ ሰው ከቁጥሩ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ቡና ለለመደ ሰው በቀን ጥቂት ስኒ የሚያስወጣው ሽንት ከጠጣው ብዙም አይበልጥም። ወተትም ይቆጠራል። አልኮል ግን አይቆጠርም፤ ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያፍን ሽንትን ያበዛል። ለስላሳ መጠጥ ውሃ አለው፣ ስኳሩ ግን ብዙ ስለሆነ የጥማት መቁረጫ አድርጎ መልመዱ ጥሩ አይደለም።

እስከ ዛሬ በቀን ግማሽ ሊትር ብቻ ሲጠጡ ከነበረ በአንድ ጊዜ 2 ሊትር ላይ አይውጡ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ብርጭቆ ይጨምሩ። በአንዴ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤት ሲመላለስ ውሎ፣ በሦስተኛው ቀን ሲተወው ነው የሚታየው።

3. ቀኑ ላይ ያከፋፍሉት

ጠዋት ሳይጠጡ ውለው ማታ አንድ ሊትር ጭልጥ ማድረግ ልክን አይሞላም። አንጎል የደሙን የጨው መጠን ሳያቋርጥ ይከታተላል፤ መጠኑ 1 ወይም 2 በመቶ ከፍ ሲል ጥማት ይሰማል፣ ኩላሊትም ውሃ እንዲይዝ ይታዘዛል። ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲገባ ደሙ ይቀጥንና ትእዛዙ ይገለበጣል። ኩላሊት በር ይከፍታል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ትርፉ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት የጎደለ በማታ አይካካስም።

የሚሠራው መንገድ ውሃውን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ማሰር ነው። ከእንቅልፍ ሲነሡ አንድ፣ በየማዕዱ አንድ፣ ረፋድ ላይ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት፣ ከሥራ ሲወጡ አንድ። ብርጭቆው 250 ሚሊ ሊትር ከሆነ ይህ 2 ሊትር ነው። ከምግብ ጋር መጠጣት የምግብ መፈጨትን ያበላሻል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ ሆድ የሚያስፈልገውን አሲድ ያመነጫል። ቀዝቃዛም ሆነ ለብ ያለ ቢሆን ለሰውነት ልዩነት የለውም፤ ጥሩው የሚጣፍጥዎት ነው፣ የበለጠ ስለሚጠጡት።

ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሰው ከመተኛቱ ሁለት ሰዓት በፊት ብርጭቆውን ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ጉሮሮ የሚያርስ ያህል ፉት ማለት ይበቃል።

4. ሽንትዎን ያንብቡ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ይህ ነው፤ ሚዛንም መለኪያም የሌለው ሰው በዚህ ብቻ ልኩን ያገኛል።

ከእንቅልፍ ሲነሡ የሚሸኑትን አይቁጠሩ። ሌሊቱን ስላልጠጡና ኩላሊት ውሃ ሲቆጥብ ስላደረ ሁልጊዜ ይጠቁራል። የሚታየው ከረፋድ እስከ አመሻሽ ያለው ነው። ሽንት ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ቀለሙን ስለሚያቀጥነው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነጭ ወይም የሚያሳይ ዕቃ ላይ ተቀብለው በቀን ብርሃን ይዩት። በቢጫ አምፖል ሥር ማየት ያሳስታል።

እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ልክ ነዎት፣ ምንም አይለውጡ። ደመቅ ያለ ቢጫ ሆኖ ሽታው ጠንከር ካለ ቀርቶብዎታል። ወደ ማር ቀለም ከተጠጋ፣ በተለይም መጠኑ ካነሰ፣ ብዙ ቀርቶብዎታል። ውሃ መስሎ ምንም ቀለም ከሌለው ከሚያስፈልግዎ በላይ እየጠጡ ነው። አንዳንዱ ሰው የውሃ መልክ ያለው ሽንት የጤና ምልክት ይመስለዋል፤ ኩላሊቱ ትርፉን እየደፋ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቁጥሩም ይረዳል፤ በቀን ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ መሽናት የተለመደ ነው።

ቀለሙ ሁለት ቀን በተከታታይ ከጠቆረ፣ ከጠቆረበት ሰዓት ቀደም ብሎ አንድ ብርጭቆ ይጨምሩ። ከሰዓት በኋላ የሚጠቁር ከሆነ የጎደለው የረፋዱ ብርጭቆ ነው፤ ማታ መጨመሩ አይጠቅምም። ሁለት ቀን ይጠብቁና እንደገና ይዩ። ምንም ቀለም ከሌለውና መመላለሱ ከበዛ ደግሞ አንድ ይቀንሱ። በዚህ አኳኋን አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ልኩ ላይ ይደርሳል።

ቀለሙ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። ቢ ቫይታሚን የያዘ እንክብል የዋጠ ሰው ሽንቱ የሚያበራ ቢጫ ይሆናል። ቀይ ሥር የበላ ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ብርቱካናማ ያደርገዋል። እነዚህ ከውሃ ጋር አይገናኙም። ምንም ምክንያት ሳይኖር ደም ከመሰለ፣ ወይም በቂ ውሃ ተጠጥቶም እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን፣ ውሃ መጨመሩን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

5. ላብዎን በሚዛን ይለኩ

የሚሮጥ፣ ኳስ የሚጫወት ወይም ሙቀት ውስጥ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው መነሻ ልኩ አይበቃውም። ላብ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ በሰዓት ግማሽ ሊትር የሚያልበው አለ፣ ሁለት ሊትር የሚያልበውም አለ። የሌላ ሰው ልክ አይሠራልዎትም፣ መመዘን ግን ቀላል ነው።

ሽንትዎን ከሸኑ በኋላ ቀለል ያለ የውስጥ ልብስ ብቻ ለብሰው ይመዘኑ። አንድ ሰዓት ይሥሩ፤ በመካከል የጠጡትን ይመዝግቡ፣ እስኪመዘኑ ድረስም አይሽኑ። ሲጨርሱ ላቡን በፎጣ አድርቀው፣ የራሰውን ልብስ አውልቀው እንደገና ይመዘኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ላብ የጠጣ ልብስ ራሱ ብዙ መቶ ግራም ስለሚመዝን የወጣው ውሃ ያልወጣ ይመስላል።

ከመጀመሩ በፊት 68.0 ኪሎ የነበረ ሰው ከሰዓቱ በኋላ 67.1 ቢሆንና በመካከል 400 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ፣ የቀነሰው 0.9 ኪሎና የጠጣው 0.4 ሊትር ተደምሮ ላቡ በሰዓት 1.3 ሊትር ነው። ይህን ሁሉ በዚያው ሰዓት መተካት አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ከክብደቱ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ ነው፤ ለ68 ኪሎ ይህ 1.36 ኪሎ ይሆናል። በየ15 ደቂቃው 200 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ በሰዓት የሚጎድለው 0.5 ሊትር ነው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም 1 ኪሎ ብቻ ቀንሶ ይጨርሳል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጠዋት የሚደግም ከሆነ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠጣ፤ ትርፉ በመካከል በሽንት ለሚወጣው ነው። ጨው ያለበት ምግብ አብሮ ይብላ፣ ጨው ከሌለ የጠጣው ቶሎ ይወጣል።

በጋለ ፀሐይ ሥር ወይም እሳት አጠገብ ቆሞ የሚሠራና ሚዛን የሌለው ሰው፣ ጥማት እስኪመጣ ሳይጠብቅ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣ። በሰዓት ከ1.4 ሊትር ግን አይለፍ።

6. መብዛቱም ይጎዳል

ይህ ጣሪያ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። የጤነኛ ሰው ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው ከ0.8 እስከ 1 ሊትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለሰዓታት ሲጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም (በጨው ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) ይቀጥናል፣ ውሃውም ወደ ሴሎች ይገባና ያሳብጣቸዋል። አንጎል ደግሞ የራስ ቅል ውስጥ ስለታሰረ ለማበጥ ቦታ የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ከዚያ ግራ መጋባት፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ፤ ሰው ሊሞትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ውስጥ 13 በመቶው ሶዲየማቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ከሁሉም ይበልጥ የተጋለጡት እየሮጡ ክብደት የጨመሩት ነበሩ። መሮጥ ሰውን እንዲከብድ አያደርግም፤ የከበዱት ካላባቸው በላይ ስለጠጡ ነው።

ከረጅም ሩጫ ወይም ሥራ በኋላ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ሲገጥምዎ ወዲያው ውሃ አያስጨልጡት። ብዙ ሲጠጣ ውሎ ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋና ጣቶቹ ካበጡ ተጨማሪ ውሃ ሊጎዳው ይችላል፤ መጠጣቱን አቁሞ ወደ ሕክምና ይሂድ።

7. ሕፃናትና አረጋውያን

ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ውሃ አይሰጥም፣ በሙቀት ጊዜም ቢሆን። የሚያስፈልገው ውሃ በሙሉ በእናቱ ጡት ወተት ውስጥ አለ። ውሃ ትንሹን ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስተወዋል፣ ሶዲየሙንም ያቀጥነዋል። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ እንዲበረክት ብሎ ውሃ ማብዛት ያው ጉዳት አለው። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካራሰ በቂ እያገኘ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ምግብ ሲጀምር በኩባያ ጥቂት ጥቂት ማስለመድ ይቻላል።

አረጋውያን ዘንድ ችግሩ ጥማት መዘግየቱ ነው። ሰውነት ውሃ እያጣ አንጎል አይናገርም፣ ስለዚህ «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» የሚለው አይሠራም። ብዙዎቹም ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ሆን ብለው ይተዋሉ። «ውሃ ላምጣ?» ቢባሉ መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ «አልፈልግም» ነው። ሳይጠይቁ ግማሽ ብርጭቆ በእጃቸው መስጠት፣ መድኃኒት ሲውጡ ሙሉ ብርጭቆ ማስያዝ፣ ጽዋው ቀላልና ለመያዝ የሚመች እንዲሆን ማድረግ ይበልጥ ይረዳል። ድንገት ግራ የተጋቡ፣ ሲነሡ የሚያዞራቸው ወይም የወደቁ እንደሆነ መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የውሃ ማነስ ነው።

8. ውሃው ንጹሕ ይሁን

ንጽሕናው ያጠራጠረ ውሃ የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ አስቀምጠው ያጥልሉት፣ በንጹሕ ጨርቅም ያጥሩት። ከዚያ ያፍሉ፤ ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ 3 ደቂቃ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው ጊዜው የሚረዝመው። ማገዶ ከሌለ ሽቶ ያልተጨመረበት፣ ከ5 እስከ 9 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ለ1 ሊትር ንጹሕ መልክ ላለው ውሃ 2 ጠብታ፣ ለደፈረሰ 4 ጠብታ አድርገው ቀላቅለው 30 ደቂቃ ይተዉት። አንዳንድ በረኪና ከዚህ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል፤ መቶኛው ካልተጻፈበት አይጠቀሙበት። የፈላውን አፈ ጠባብ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፣ በእጅ የተያዘ ጣሳም አይንከሩበት።

ኮዳዎን በየቀኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት አውጥተው ካዩት ብዙ ጊዜ የሚያዳልጥ ጥቁር ነገር ያገኙበታል፤ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ክፍት አድርገው ደፍተው ያድርቁት።

9. ተቅማጥና ትውከት ሲመጣ

እዚህ ላይ ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ከውሃው ጋር ጨውም እየወጣ ነው። ትንሹ አንጀት ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ስለሚያስገባና ውሃው እነሱን ተከትሎ ስለሚገባ ነው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) የሚሠራው። ፓኬቱን በላዩ በተጻፈው የውሃ መጠን በሙሉ ይበጥብጡት፤ የ1 ሊትሩም የግማሽ ሊትሩም አለና ያንብቡ። ስኳር አይጨምሩበት፣ ከተበጠበጠ በኋላ አያፍሉት፣ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉት።

ፓኬት እስኪገኝ ድረስ፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው የተቆለለ አይሁን፤ በቢላዋ ጀርባ ከጠርዙ እኩል ያስተካክሉት። ሲቀምሱት ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይድፉትና እንደገና ይሥሩ። ጨው የበዛበት ሕፃንን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፣ ስኳር የበዛበት ደግሞ ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት እስከ አሥር ዓመት ላለው ከ100 እስከ 200፣ ከዚያ በላይ ላለው የፈለገውን ያህል ይስጡ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁና በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ልጅ መጥባቱን አያቋርጥ።

የልጅን ሁኔታ ለመገመት ሆዱን ይቆንጥጡት። በእምብርቱና በጎኑ መካከል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ ቆዳውን በቁመቱ እጥፍ አድርገው አንድ ሰከንድ ይያዙና ይልቀቁ። ወዲያው ከተመለሰ መልካም። ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ዓይኖቹ ከጎደጎዱ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰውነቱ ከዛለና አልነቃ ካለ ጊዜ አያጥፉ፣ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። አዋቂ ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልሸና፣ ሲቆም ከወደቀ ወይም ግራ ከተጋባ እንዲሁ። የአረጋውያን ቆዳ በዕድሜ ስለሚላላ በቁንጥጫው አይፈርዱ፤ ሽንታቸውንና ንቃታቸውን ይዩ።

በመንገድ ላይ ንቁ ከሆነ በማንኪያ መስጠቱን ይቀጥሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨምሩ፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ሲደርሱ የሚጠየቁት ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠውና እንዳስመለሰው፣ ምን ያህል እንደጠጣና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሸና ስለሆነ፣ ከመነሣትዎ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉት።